ፍሪጅ ላይ የበቀለ ቃሪያ

መጋቢት አጋማሽ፣ ሚኒሶታ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣
ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

እኔ ከናፍቆትሽና ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የናንተ ብርድ ቢከፋ ቢከፋ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይረሳል። እዚህ አሁንም ሌሊት ሌሊት ውኃ ይረጋል። ውርጩ የሚለቀው በግንቦት ልደታ ሰሞን ነው፤ በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ይመለሳል። ቃሪያ ደጅ ተዘርቶ በዚህች ጊዜ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ ሰዉ ደጅ ከመትከሉ ስምንት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ያፈላል። እኔም በዐድዋ በዓል ማግስት ዘራሁ።

አሁን ቤቴን ብታዪው ቆራሌው ጆንያውን ዘርግፎ የሄደ ይመስልሻል። መስኮቱ ላይ የእርጎ ኩባያ ተደርድሯል። ሃይላንዱ ለሁለት ተቆርጦ ታችኛው አፈር ይዟል፣ ላይኛው ተደፍቶበት እርጥበቱን ይጠብቃል። የእንቁላል ካርቶኑን ለሰላጣ ሰጥቼዋለሁ፤ ለቃሪያ አይሆንም፣ ጥልቀት የለውም፣ ወረቀቱም ውኃውን ቀድሞ ይጠጣዋል።

ኩባያው ሥሩ መበሳት አለበት። ውኃ ከተኛበት ሻጋታ ይገባና ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ችግኝ ዛሬ ከወገቡ ቀጥኖ ተኝቶ ይገኛል። እኔም ሚስማር ምድጃ ላይ አግዬ ስበሳ የጭስ ደወሉ ጮኸና የፎቁ ሰው በሙሉ በፒጃማ በረዶ ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ በደንብ ያውቁኛል።

አንደኛው ሊያየኝ መጥቶ በሳቅ ሞተ። እሱ ሁሉን ገዝቶ ነው የሚያፈላው፦ ትሪው፣ አፈሩ፣ መብራቱ። ከችግኙ ሥር እንኳ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ አንጥፎለታል። ምንጣፍ! እኛ ጀሞ የገባን ጊዜ ሊሾው ላይ አይደል እንዴ የተኛነው? እርግጥ ቃሪያ ለመብቀል ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይወዳል፤ የኔን ግን ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት፣ እዚያ ይሞቃል። የሱ ቀድሞ በቀለ። የኔም ቢዘገይ በቀለ፤ የዘሩን ቅርፊት ጫፉ ላይ እንደያዘ፣ እሱን ለመጣል ሁለት ቀን ሲታገል አየሁት። አሁን ወደ ብርሃኑ እንዳይጎብጥ ጠዋት ጠዋት ኩባያውን አዞርለታለሁ።

«የማረቆ ዘር በሰው ልላክልህ» ያልሽውን ተዪው። ወደዚህ አገር ዘር ለማስገባት የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ወይም ፈቃድ ይጠየቃል፤ አውሮፕላን ጣቢያውም ሻንጣ የሚያሸት ውሻ አለው። በርበሬ ውስጥ ቢደበቅ ያስነጥሰዋል ብለሽ እንዳትሞክሪ፣ አውቅሻለሁ። የዘራሁት የሜክሲኮ ቃሪያ ነው፤ አደባባዩን ሳይሆን አገሩን ማለቴ ነው። ያቃጥላል፣ ግን ከክትፎ ጋር አይግባባም።

የታችኛው ፎቅ ሴትዮ «የጤና አዳምሽ ጣሳ ጭቃ እያንጠባጠበ ልብሴን አበላሸው» አለችኝ ላልሽው፣ እውነቷን ነው። ከጣሳው ሥር ሰሃን አድርጊ። ጎመንሽ ሲደርስ አንድ እቅፍ ላኪላት፤ እስከዚያ እሷም ልብሷን ወደ ግራ ጠጋ አድርጋ ታስጣ።

ልጅሽ