ሁዳዴ በቦነስ አይረስ

ጣልያን ወደ እኛ አገር የመጣው መድፍ እየጎተተ ነው። ወደ አርጀንቲና የሄደው ግን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ነው። ዘመኑ አንድ ነበር። በ1896 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ባራቲዬሪ አድዋ ላይ ሠራዊቱን አስጨርሶ ሲሸሽ፣ ከጣልያኗ ከተማ ከጄኖቫ የተሰደደ ባንቸሮ የሚባል ሰው ቦነስ አይረስ ወደብ ዳር፣ ላ ቦካ ሰፈር፣ ዳቦ ቤት ከከፈተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ባሩድ ከያዘው ይልቅ ዱቄት የያዘው ነገሩ ቀንቶታል። ባራቲዬሪም በመድፉ ፈንታ ምድጃ ጭኖ ቢመጣ ኖሮ፣ እቴጌ ጣይቱ ቢያንስ «ቁጭ በል» ሳይሉት አይቀሩም ነበር።

ከ1870ዎቹ እስከ 1930 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጣልያናውያን ወደ አርጀንቲና ተሻግረዋል። በ1914 በተደረገው ቆጠራ ከቦነስ አይረስ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ውጭ አገር የተወለደ ነበር። በዚያ ከተማ ሌላውን «አንተ መጤ!» ብሎ ለመስደብ መጀመሪያ የራስን ፓስፖርት መደበቅ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ላ ቦካ የሰፈሩት ጄኖቫዎች ናቸው፤ ፒዛ ግን የሌላዋ የጣልያን ከተማ፣ የናፖሊ ልጅ ነው። ነገሩ ጎጃሜ በክትፎ ስም አውጥቶ ጉራጌን እንደ ማስቀናት ነው። ጄኖቫዎች የሚያውቁት ዘይት ጠጥቶ የሚጋገር ወፍራም ዳቦ ነበር። የባንቸሮ ልጅ ኹዋን በ1932 ፒዛ ቤት ሲከፍት፣ ሽንኩርት በተከመረበት በዚያ ዳቦ ላይ ሞዛሬላ የጨመረበት እሱ ነው ይባላል። ቲማቲም የለ፣ ምን የለ። ፉጋዜታ የተባለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ቺዙ በሁለት ሊጥ መሃል ይታጨቅና ሽንኩርቱ ከላይ ይነሰነስበታል። በዚያው ዓመት ኮሪየንቴስ ጎዳና ላይ ጉዌሪን የተባለ ሌላ ፒዛ ቤት ተከፈተ። ሁለቱም ቤቶች እስከ ዛሬ ይጋግራሉ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ቺዝ ጋር የተገናኘሁት በሁዳዴ ነው።

ኮሪየንቴስ የቴአትር ቤቶች ጎዳና ነው። ማታ ትርዒቱ ሲያበቃ ሕዝቡ ወደ ፒዛ ቤት ይጎርፋል። ወንበር ቢኖርም ወግ አዋቂው ባንኮኒ ተደግፎ፣ ቆሞ ነው የሚበላው። እናቴ «ቆሞ የበላ ሰው ምግቡ ቀጥ ብሎ እግሩ ውስጥ ይገባል» ትል ስለነበር፣ እኔ ለጥንቃቄ ወንበር ፈለግሁ። ጠጉራቸው የሸበተ አስተናጋጅ መጡ።

«አባባ፣ ቺዝ የሌለው ፒዛ ይኖራል?» አልኳቸው በተሰባበረ ስፓኒሽ።

ጆሯቸውን አስጠጉ። ደገምኩላቸው። ትከሻዬን በሐዘኔታ መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሐኪም ነው የከለከለህ?» አሉ።

«አይ፣ እግዚአብሔር ነው።»

«እሱማ አርጀንቲናዊ ነው፤ ይፈቅድልሃል» ብለውኝ ሄዱ።

ደግነቱ፣ ይዘውልኝ የተመለሱት ፋይና ነበር። የሽምብራ ዱቄት በውሃ፣ በዘይትና በጨው ተበጥብጦ በትሪ የሚጋገር ቢጫ ቂጣ ነው፤ እሱም ከጄኖቫ ተሰዶ የመጣ። ያን ሁሉ ውቅያኖስ ያቋረጥኩት ለካ ሽምብራ ልበላ ኖሯል! የከተማው ሰው ግን ቂጣውን ለብቻው አይበላውም። ፒዛው ላይ ያፈናጥጠዋል፤ አበላሉንም «በፈረስ» ይለዋል። ዳቦ በቂጣ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል፣ እኛም ፍርፍር በእንጀራ የምንበላ ሕዝብ መሆናችን ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ስታዲየም አካባቢም ቺዝ ያልነካው፣ ቲማቲም ብቻ የተቀባ ፒዛ ይሸጣል። የላ ቦካውን የእግር ኳስ ቡድን፣ ቦካ ጁኒየርስን፣ በ1905 የመሠረቱት የእነዚሁ ስደተኞች ልጆች ናቸው፤ ቡድኑ እስከ ዛሬ «ጄኖቫዎቹ» እየተባለ ይጠራል። ያ የስታዲየም ፒዛ አዲስ አበባ ቢሆን «የጾም ፒዛ» ተብሎ በሁዳዴ ዋጋ ይጨመርበት ነበር።

ታዲያ ሌላው ፒዛ ላይ ቺዙ ለምን እንዲያ በዛ? ናፖሊ ውስጥ ፒዛ የድሃ ምግብ ነበር፤ ሊጡ ስስ፣ ቺዙም ለምልክት ያህል። አርጀንቲና ደግሞ ከብቱ በቁጥር ሰውን የሚበልጥበት አገር ነው። ችግር ሸሽቶ የመጣ ሰው ወተት የተትረፈረፈበት ሲደርስ፣ ቺዝ እየመዘነ አይጨምርም። ያ ወፍራም ሊጥ፣ ያ ከጠርዙ አልፎ የሚፈስ ሞዛሬላ፣ አገር ቤት ለቀሩት «ጠግበናል፣ አታስቡ» ማለቻ ይመስለኛል። የእኛም ሰው ዋሽንግተን በገባ ማግስት የሚልከው ፎቶ የሰው መኪና ተደግፎ የተነሳውን ነው። ጣልያኖቹ መኪና ስላልነበራቸው ሞዛሬላ ተደገፉ።

ናፖሊዎች በ1984 እውነተኛውን ፒዛ የሚጠብቅ ማኅበር አቁመዋል። በደንባቸው መሠረት ፒዛ በምድጃ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው የሚበስለው። በብረት መጋገሪያ ተዝናንቶ የሚያብጠውን የቦነስ አይረሱን ቢያዩ ፖሊስ ሳይጠሩ አይቀሩም። እኔ ግን ከስደተኞቹ ጎን ነኝ፤ ነገ በእኛም ይደርሳላ! አሜሪካ ያለው እንጀራችን ከገብስና ከስንዴ ጋር ተጋብቶ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። የዛሬ መቶ ዓመት አንዲት አሮጊት ከጎንደር ተነስተው የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ ዋሽንግተን ይሄዳሉ። የቀረበላቸውን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላሉ።

ልጁም ኮራ ብሎ፣ «እማማ፣ ዋናው እንጀራ እኮ ይሄ ነው! የጎንደሩን ቀምሼዋለሁ፤ ጤፍ ጤፍ ይላል።»