አስራ አራተኛው ቀን፦ በሞያሌ የአጭር ፊልም ቀነ ገደብ ላይ የተደረገ ጥናት

እንግሊዝኛው «ዴድላይን» ስሙ የወጣለት እስር ቤት ውስጥ ነው። በ1864 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል በሚባል የምርኮኞች ካምፕ ከአጥሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተዘረጋ መስመር ነበር። ያንን ያለፈ ምርኮኛ ወዴት ነህ ሳይባል ይተኮስበት ነበር። ቃሉ ኋላ ወደ ጋዜጣ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፊልም ውድድር ተዛወረ፤ ተኩሱ ግን አብሮ አልተዛወረም። ጥናታችን የሚነሳው ከዚህ ጉድለት ነው። የሞያሌ ሰው ግማሽ ኪሎ ስኳር ሊገዛ የኢትዮጵያንና የኬንያን ድንበር ተሻግሮ፣ ለምሳ የሚመለስ ፍጡር ነው። መስመር አያስደነግጠውም።

ጥናቱ የተካሄደው በኬንያዋ ሞያሌ፣ በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ናሙናው 5 ሰው ሲሆን እነሱም ዳይሬክተር፣ ካሜራማን፣ ኤዲተር፣ ተዋናይ እና ይህ ጸሐፊ ናቸው፤ ጸሐፊው በፊልሙ መጨረሻ «ረዳት» ተብሎ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ይታያል። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምንርቅ ካሜራ የሚያከራይ ቤት በሁለቱም በኩል እኩል ሩቅ ነው። በስልክ ቀረጽን። የውድድሩ ሕግ አጭር ነው፤ 5 ደቂቃ ፊልም፣ 14 ቀን ጊዜ። የውድድሩን ስም አላነሳም፣ በዚህ ነገር አንድም ጥፋት የለበትምና።

ከመጀመሪያው እስከ አስራ ሦስተኛው ቀን የተቀረጸው ምስል ዜሮ ሴኮንድ ነው። ይህን ስንፍና ብሎ መተርጎም የጀማሪ ተመራማሪ ስህተት ነው፤ ቡድኑ አንድም ቀን ሥራ አልፈታም። በመጀመሪያው ቀን የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። በሁለተኛው ቀን የግሩፑ ስም ተቀየረ። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ቀን የፊልም ድርጅታችን አርማ አንበሳ ይሁን ግመል የሚለው ተነሳና፣ ነገሩ ከአርማ አልፎ የጎሳ መልክ ሊይዝ ሲል በግራር ዛፍ አርማ ታረቅን። ታሪኩ አራቴ ተለወጠ። ሽልማቱ ሲገኝ ማን ይናገራል የሚለው ግን በአንድ ምሽት፣ ያለ ክርክር አለቀ፤ ዳይሬክተሩ ንግግሩን አስቀድሞ ጽፎት ኖሯል። ቀረጻ ሁልጊዜ «ነገ በጠዋት» ነበር። የሐበሻ ቀጠሮ በዘርፉ ምሁራን ዘንድ እንደ መዘግየት ይቆጠራል፤ እኛ የደረስንበት ግን ሌላ ነው። ማንም አልዘገየም፤ ማንም አልመጣምና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረትም እንቁላሉ በስንተኛው ቀን እንደሚደርስ አንዳች አይናገርም።

ለንጽጽር ያህል ወደ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ እንሂድ። «ምርት 3000 ዓመት»ን የቀረጸው በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት ሲሆን፣ አገሩ እየታመሰ ቀረጻው በሁለት ሳምንት ተጠናቀቀ። ፊልሙ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያው ሰው «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጀበት፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ተሸለመ። ስለዚህ 14 የተባለው ቁጥር በቀንም በዓመትም ለኢትዮጵያ ሲኒማ የተቀደሰ ነው ብሎ ኤዲተራችን አጽናናን። ስሌቱ ግን አያጽናናም። ኃይሌ በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ ያለቀለት ፊልም ሲያመርት እኛ በአማካይ በቀን 21 ሴኮንድ ይበቃን ነበር። አስራ ሦስት ቀን 21 ሴኮንድ ጠፍቶ በአስራ አራተኛው ቀን 300 ሴኮንድ በአንድ ጊዜ ተገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የ48 ሰዓት የፊልም ውድድር የጀመሩት ሰዎች ምስጢሩ ገብቷቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ የማይጠቅሙትን ቀናት ከነአካቴው ቆርጠው ጣሏቸው።

አስራ አራተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀመረ። ታሪኩ (አምስተኛው) ይህ ነው፤ አንድ ሰው ማዶ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ኬላው ጋ ይወርዳል፣ በእግሩ ይሻገራል፣ ወዲህ ሌላ ባጃጅ ይዞ እናቱ ቤት ይሄዳል። መሻገሪያውን አሳጠርነው፤ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ኬላውን የጋራ የአንድ መስኮት አገልግሎት አድርገው ስለመረቁት፣ ፊልሙም ከመንግሥት በላይ መጓተት የለበትም ተባለ። ሁለቱ ባጃጆች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ቀለም ነበራቸው። ምስሎቹ ሲገጣጠሙ ግን ጉድ ታየ። በኢትዮጵያ መኪና በቀኝ ይነዳል፣ በኬንያ በግራ። ስለዚህ ሰውየው ቀኙን ይዞ ሲከንፍ ይቆይና፣ በድንገት ጠርዝ ቀይሮ፣ ከመንገድ ሁሉ ጋር ተጣልቶ የሚመለስ ይመስላል። እናቱን የሚወድ ልጅ ሳይሆን የሚሸሽ ባለዕዳ ሆነ። ኤዲተሩ መላ አገኘ፤ የኬንያውን ምስል እንደ መስታወት ገለበጠው። መንገዱ ተስተካከለ። ከጀርባ ያለው የሻይ ቤት ጽሑፍ ግን ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ሆነ፤ የተዋናዩም የሸሚዝ ኪስ ከግራ ደረቱ ወደ ቀኝ ፈለሰ። ዳይሬክተሩ ለረጅም ጊዜ አየውና «ድንበር ሰውን ይገለብጣል» አለ። ያ ዓረፍተ ነገር የፊልሙ መግለጫ ሆኖ ተላከ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት መብራቷን ስትቀበል የኖረችው ከኢትዮጵያ ነው፤ ስለዚህ ኬንያ ውስጥ ጨለማ ላይ ተቀምጠን የምናማው የራሳችንን አገር ነበር፤ ኬንያዊው ተዋናይ ደግሞ ለጨዋነቱ ሲል ዝም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ደረስን። የፊልም ማስገቢያው የመጨረሻ ሰዓት «11:59 ፒኤም» ይላል። የኢትዮጵያና የኬንያ ሰዓት ፀሐዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አጠራሩ ላይ ነው፣ ስድስት ሰዓት። ተዋናዩ ይፍረደን አልን። ለካ ስዋሂሊም እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። በአፉ «ሳ ኩሚ ና ሞጃ» ሲል አስራ አንድ ማለቱ ነው፤ በወረቀት ግን 5 ብሎ ይጽፈዋል። ታዲያ ይሄ 11 የአፍ ነው የወረቀት? ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሁለት የአፍ ሆነ። ስለዚህ ጸሐይ ሳትጠልቅ፣ ከቀኑ 11:59 ላይ መድረስ ነበረበት።

መብራት የመጣው ከ11 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ፋይሉ 1.2 ጊጋባይት፣ ኢንተርኔቱ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት፤ አፕሎዱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ኤዲተሩ ፋይሉን ወደ 90 ሜጋባይት ጨመቀው፤ 12 ደቂቃ ወጣው። የእናትየዋ ፊት አራት ማዕዘን ሆነ። ፊልሙ መሐል ላይ የተዋናዩ ድምፅ ከፍየል ጩኸት ጋር አብሮ ጠፋ፤ ፍየሏን አንፈልጋትም ነበር፣ ተዋናዩን ግን እንፈልገው ነበር። በ11:57 ፊልሙ ተላከ፤ ተቃቀፍን። ከዚያ የመድረሱ ማረጋገጫ መልእክት መጣ፣ ከግርጌውም «እስኪዘጋ 6 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ይቀርዎታል» ይላል።

ስድስቱ ሰዓት ድምፁን ለማስተካከል፣ ፊቱን ለመመለስ፣ ኪሱን ወደ ቦታው ለማዛወር ይበቃ ነበር። ሽሮ በላንበት። ዳይሬክተሩ ንግግሩን አንዴ አነበበልን።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ መልእክት ገባ፤ በብዙ ተወዳዳሪዎች ጥያቄ ማስገቢያው በ14 ቀን ተራዝሟል፣ የተላኩ ፊልሞችንም ቀይሮ ማስገባት ይቻላል። ቡድኑ በተጨመሩት ቀናት ምን እንደሠራ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ከላይ ስለ አስራ ሦስቱ ቀናት የተጻፈውን አንቀጽ መልሶ ያንብብልኝ፤ ከአርማው በስተቀር የሚለወጥ ቃል የለውም። አርማው አሁን ፍየል ነው።