የምድጃው ተረኛ

አዲስ አበቤን ብርድ የሚመታው ብርዱ ካለበት ከመድረሱ ከወራት በፊት ነው። ጉዞው ለጥር ሲቀጠር ወሬው በመስከረም ይጀመራል። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈታል፤ ስሙ «ሳነቴ» ነው፣ ከጎኑ የተራራ ምልክት ተለጥፎበታል። መጀመሪያ ስለ መኪናና ስለ መዋጮ ይወራል። ከዚያ አንዱ ቪዲዮ ይለቅቃል። ካናዳ ይሁን ፊንላንድ በማይለይ ጫካ ውስጥ በረዶው ጉልበት ደርሷል፤ አንድ ጢማም ሰው ሸራ ድንኳን ውስጥ በካናቴራ ቁጭ ብሎ ሥጋ ይጠብሳል። ምድጃው ከአጠገቡ ይንቦገቦጋል፤ የጭስ ማውጫው ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል። ከዚያች ቪዲዮ በኋላ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ሀረና ጫካ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። ግሩፑ የምድጃ ግሩፕ ሆኖ ይቀራል።

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ ነው አይባልም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ከላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፤ ሲመሽ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ብርዱ ይጠነክራል። በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ሲወርድ ተመዝግቧል። ውርጭ የጂኦግራፊ ፈተና ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር ለሚመስለው የከተማ ልጅ፣ ጠዋት የውኃ ላስቲኩን ሲያነሳ በረዶ ሲንኳኳበት መስማት ቀላል ትምህርት አይደለም። ስለዚህ መዘጋጀቱስ ደግ ነበር። የሚያስቀው ዝግጅቱ የሚያተኩርበት ነገር ነው።

ምርጫው ካፌ ውስጥ፣ ማኪያቶ እየተጠጣ ይካሄዳል። አንዱ ሸራ ካልሆነ አልሄድም ይላል። ሸራ ይተነፍሳል፣ ትንፋሽ ተጠራቅሞ ጠዋት ፊት ላይ አያንጠባጥብም፣ ፍንጣሪ ቢያርፍበትም ቶሎ አይበሳም። እውነቱን ነው። ግን የአራት ሰው ሸራ ድንኳን ከነምሰሶው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ተከራካሪያችን ደግሞ የራሱን ላፕቶፕ እንኳ በሹፌር የሚያስይዝ ሰው ነው። ሁለተኛው የናይለን ጠበቃ ነው፤ ቀላል፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ ፍንጣሪ በነካው ቁጥር አዲስ ኮከብ የሚያሳይ። ሦስተኛው ለድንኳኑ ግድ የለውም፤ ምድጃው ብቻ ቲታኒየም ይሁን። ለምን ሲባል፣ ይታጠፋል፣ አይከብድም፣ ዋናው ግን ሲግል ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል። «ፎቶ ላይ አያችሁት?» ይላል። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በመሀል «እንጨቱን ከየት ነው የምናመጣው?» ብላ ትጠይቃለች። ሁሉም ያያታል። ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል።

በዚህ መሀል ዴንቨር ያለው የአክስት ልጅ ይደውላል። «እናንተ ልጆች፣ በዚህ ዘመን ምን እንጨት አስፈለጋችሁ? እኔ ጋራዥ ውስጥ የምሞቀው የጋዝ ማሞቂያ አለ፣ እሱን ልላክላችሁ።» ደስታ ይሆናል፤ በሰው በሰው ይላካል። ማሞቂያው ጨዋ ዕቃ ነው፤ አካባቢው ኦክስጅን ሲያንሰው ሰው እንዳይጎዳ ራሱን ያጠፋል። ታዲያ መመሪያው ላይ፣ ማንም በማያነበው ደቃቅ ጽሑፍ፣ ከ7,000 ጫማ ከፍታ በላይ ሊጠፋ እንደሚችል ተጽፎበታል። 7,000 ጫማ ማለት ወደ 2,130 ሜትር ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ጋራዡ ውስጥ ምንም አላጋጠመውም። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማሞቂያው ሳነቴን ሳያይ፣ አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ ከአቅሙ በላይ ወጥቷል። የጋዝ ጣሳውን ደግሞ አውሮፕላን አይጭነውም። ተገኝቶ እንኳ ቢሆን፣ ብርድ ሲበረታበት ግፊቱ ስለሚወርድ የለመዱት ሰዎች ሌሊት ጣሳውን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዘውት ይተኛሉ። ማሞቂያውን ሰው ያሞቀዋል ማለት ነው።

ድንኳን ውስጥ እሳት ማንደድ የቲታኒየም ዘመን ፈጠራ አይደለም። ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ የሚባል የአሜሪካ ጦር መኮንን የነባር ሕዝቦችን ሾጣጣ ድንኳን አይቶ በ1856 እ.ኤ.አ. የራሱን ሾጣጣ ድንኳን በስሙ አስመዘገበ፤ መሀሉ ላይ የሚቆም የቆርቆሮ ምድጃም አለው። ከመንግሥት ጋር የተዋዋለው በየድንኳኑ 5 ዶላር ሊከፈለው ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ሰውዬው ከደቡቦቹ ጋር ወገነ፤ የሰሜኑ ጦር ወደ 44 ሺህ በሚጠጋ የሲብሊ ድንኳን ሲጠቀም ለባለቤቱ አምስት ሳንቲም አልሰጠም። ከጦርነቱ በኋላ ሲብሊ ለግብጹ ገዢ ለከዲቭ ኢስማኤል ተቀጠረ፣ መጠጥ አበዛና ተባረረ። ባይባረር ኖሮ እንደ ሌሎቹ አሜሪካውያን መኮንኖች በ1868 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሊወጋ ከመጣው የግብጽ ጦር ጋር ጉራ ድረስ ይመጣ ነበር። ይህም ቢሆን ምድጃው ብዙ ባልጠቀማቸው፤ ዐፄ ዮሐንስ ጉራ ላይ በብርድ አልነበረም ያስቸገሯቸው።

ወደ ባሌ እንመለስ። ጥር ደርሷል፤ ሰዎቻችን ገርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ ሰፍረዋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ነፋሱ ተነስቷል፣ የምድጃው ካርቶን ተከፍቷል። የጭስ ማውጫው እንደ ቀን መቁጠሪያ ተጠቅልሎ የመጣ ስስ የብረት ገጽ ነው። በረዥሙ በኩል እንደገና ተጠቅልሎ ሁለት ሜትር ቱቦ መሆን፣ በቀለበት በቀለበት መታሰር አለበት። አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ አንዱ መሀሉን፣ አንዱ ቀለበት ያቀብላል። ሦስተኛው ቀለበት ሲገባ የመጀመሪያው ይወልቃል፤ ብረቱ ተስፈንጥሮ ይፈታል፤ እንደገና። በጓንት አይያዝም፣ ያለ ጓንት ጠርዙ ጣት ይቆርጣል፤ ጣቱ ደንዝዞ ስለሆነ የተቆረጠው ሰው የሚያውቀው ደሙን ሲያይ ነው። ከጎን ሆኖ የሚያበራው ልጅ መመሪያውን በስልክ ይፈልጋል፤ ኔትወርክ የለም። እንደምንም ይቆማል።

አሁን የሒሳብ ባለሙያዋ ጥያቄ ራሱ በእግሩ ይመጣል። ሳነቴ ላይ ዛፍ አይበቅልም። ያለው ጅባራና አጫጭር ቁጥቋጦ ነው፤ እሱም የፓርኩ ስለሆነ አይነካም፣ መነካትም የለበትም። ስለዚህ ከጎባ የተገዛ የባሕር ዛፍ እንጨት በጆንያ ሆኖ በፈረስ መጥቷል። ማገዶው ግን የተፈለጠው ለእንጀራ ምጣድ ነው፤ የምድጃው ሆድ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። መጥረቢያ ያሰበ የለም። በኪስ ቢላዋ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ማየት የፈለገ ይምጣና ይመልከት።

ከነደደ በኋላ ግን፣ እውነት እንነጋገር፣ ያምራል። በአሥር ደቂቃ ድንኳኑ ይግላል። ጃኬት ይወልቃል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ የጢማሙ ሰውዬ ካናቴራ ይገኛል። ብረቱ ሰማያዊም ወይን ጠጅም ይሆናል፤ ፎቶው ይነሳል። አንዴ ነፋሱ ጭሱን በቱቦው መልሶ ሲያስገባው ሁሉም እንባውን እየጠረገ ይስቃል። ስስ ብረት ደግሞ ሙቀት አያቆይም፤ እሳቱ ሲያልቅ ሙቀቱም አብሮ ያልቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ጉርሻውን ይፈልጋል። ያኔ ተራ ይወጣል፤ በስም፣ በሰዓት፣ በወረቀት።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑ በረዶ ነው። ሁሉም ነቅቷል፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። «ተረኛው ማነው?» ይላል አንድ ድምፅ። «እኔ ቅድም ጨምሬያለሁ።» «ቅድም ያልከው ከእራት በፊት ነው እኮ!» ዝምታ። ምድጃ ያለው ድንኳን ማለት አንድ ሰው የማይተኛበት ድንኳን ማለት መሆኑን ቪዲዮው አላሳየም፤ ጢማሙ ሰው ሌሊቱን ምን ሲያደርግ እንዳደረ ማን ቀረጸው? እናቶቻችን ይህንኑ ሥራ ጎጆ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት ማናችንም ካምፒንግ አላልነውም።

ለእንቅልፍ የሚያስፈልገው ነገር ለፎቶ አይመችም። ወፍራም ምንጣፍ ነው፣ ምክንያቱም ሙቀትን ከአየሩ ይበልጥ መሬቱ ይመጥጠዋል። ኮፍያ ነው፣ ደረቅ ካልሲ ነው፣ ከመተኛት በፊት ትኩስ ነገር መብላት ነው። ከሁሉም በላይ ደህና ስሊፒንግ ባግ ነው። እሱንም ሲገዙ ጉድ አለ። ላዩ ላይ ሦስት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንዱ ተመችቶ ለሚያድር፣ ሁለተኛው ተኮራምቶ ለሚያድር፣ ሦስተኛው ኤክስትሪም የሚባለው ነው። ነጋዴውም ገዢውም የሚያዩት ሦስተኛውን ነው። «ከዜሮ በታች 20 ይችላል!» ይባላል። ያ ቁጥር በመስፈርቱ መሠረት ሰውነት ክፉኛ እየቀዘቀዘም ቢሆን ስድስት ሰዓት በሕይወት የሚቆይበት ልክ ነው። ሞት እንዳይወስድህ እንጂ እንቅልፍ እንዲወስድህ የተጻፈ አይደለም።

የማልቀልድበት አንድ ነገር አለ። ምድጃው ሲያስቸግር «ቆይ፣ ማንደጃ አለን አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ሲፈካ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል፣ ዚፑ ይዘጋል። ጭሱ ስላለቀ አደጋው ያለቀ ይመስላቸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ብሎ ይጣበቃል። ሳነቴ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሰውነት ድሮም ኦክስጅን አንሶታል። ራስ ምታቱን ሁሉም የከፍታ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለውም ደስ ይለዋል። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃም ቢሆን ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ተትቶለት፣ ትንሿ በባትሪ የምትጮህ ጠቋሚ ተሰቅላ ነው። እሷን ለመግዛት ግን መዋጮው ሁልጊዜ ያልቃል።

ፈረስ ያመጡት አባት ከድንኳኑ ውጭ በቡልኮ ተጠቅልለው አድረዋል። ጠዋት ፎቶ ይነሳሉ። ከሥሩ የሚጻፈውም ይታወቃል፤ ተፈጥሮን የተላመደ፣ ምንም የማያስፈልገው ሕዝብ ምናምን። ማንም ጠጋ ብሎ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ያላቸው የለም እንጂ መልሱ አጭር ነበር፤ «በርዶኝ አደርኩ።» ቀጥለውም ስሊፒንግ ባጉን በጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ከረጢት ስንት ነው?» ይላሉ። ምድጃውን ዞር ብለው አላዩትም።

ከተመለሱ በኋላ ድንኳኑ ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ ይወጣል፤ «ከአሜሪካ የመጣ፣ አንድ ሌሊት ብቻ የታደረበት፣ ምድጃ የሚገባለት።» የደወሉት ብቸኛው ሰው የአንድ ዕድር ዳኛ ናቸው።

«ልጄ፣ ስንት ሰው ያስቀምጣል?»

«አራት፣ ጋሼ።»

«ለአራት ሰው ለቅሶማ ሳሎን ይበቃል። ለንብረት ክፍላችን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። ፎቶው ላይ ጣሪያው ላይ ያለው ክብ ነገር ምንድን ነው?»

«የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ነው፣ ጋሼ። ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው።»

«ቀዳዳ ነው?» ይላሉ። «እንግዲያው አስደፍነውና ደውልልኝ።»