ይለፍ ቃሉ ማን ዘንድ ነው?

የልጄ ልጅ ለማስተርሱ የሚያጠናው የድንች በሽታን ነው፤ ያንን ቅጠሉን አጥቁሮ ማሳውን ባዶ የሚያስቀረውን። ደግ አደረገ። ከጉና ሥር የተወለደ ሰው ስለ ድንች ካላጠና ስለ ምን ሊያጠና ነው? ለበዓል መጥቶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲቆዝም አየሁትና «ምን ሆንህ?» አልሁት።

«አባባ፣ የምፈልገው ጽሑፍ 35 ዶላር ክፈል አለኝ።»

«ስለ ምን የተጻፈ ነው?»

«ስለ ፋርጣ ድንች።»

«ጸሐፊዎቹስ?»

«የእኛው ሰዎች ናቸው።»

«ድንቹ የእኛ፣ ጸሐፊው የእኛ፤ ታዲያ ዶላሩ የማን ሊሆን ነው?»

ዝም አለ። ለዚህ ነው እንግዲህ ይህን ያህል ዓመት ያስተማርነው።

በኋላ ነገሩን አስረዳኝ። ዩኒቨርሲቲዎች ጆርናልን ብዙ ጊዜ የሚገዙት እየመረጡ ሳይሆን በጥቅል ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 አካዳሚክ ፕሬስ የተባለው አሳታሚ ጀመረው፤ ሌሎቹንም ጣፈጣቸው። እስቲ አስቡት፤ ደብረ ታቦር ገበያ ድንች ልገዛ ብሄድና ነጋዴዋ «ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ የጠወለገውን ሰላጣ አብረው ካልወሰዱ ድንቹ አይሸጥም፤ ለከርሞ ካልከፈሉ ደግሞ የበሉትን ይመልሳሉ» ብትለኝ፣ እዚያው ሽማግሌ አስቀምጥ ነበር። ከጥቅሉ ውስጥ አዘውትሮ የሚነበበው ጥቂቱ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ግን፣ እንደየውሉ ቢለያይም፣ ብዙው ይዘጋል። ሀብታሞቹንም መሯቸዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሳታሚው ኤልስቪየር ጋር ተጣልቶ የታረቀው በ2021 ነው። እነሱስ ቢያኮርፉ የሚለምናቸው አለ፤ እኛ ብናኮርፍ ማን ዞር ብሎ ያየናል?

የድሮው የእኛ ትምህርት እንዲህ አልነበረም፤ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የወረደ ተማሪ ቁራሹን ለምኖ፣ ውሻ እያባረረው፣ ድጓውን በእጁ ጽፎ ይመለስ ነበር። ያ መጽሐፍ የራሱ ነው። «የዓመቱ ክፍያ አልገባምና ገጹ ተዘግቷል» ብሎ ከጉያው የሚነጥቀው አልነበረም።

ነጣቂ ካነሣን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዙ የናፒየር ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ወስዷል፤ የተዘረፈው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጫነ ይባላል። እኛ ዛሬ ጥናታችንን ራሳችን ተሸክመን እናደርስላቸዋለን፤ አንዳንዱ ጆርናል የማሳተሚያ ያስከፍለናል፤ ከዚያ መልሰን እንገዛዋለን። ናፒየር ይህን ቢያውቅ ዝሆኖቹን ባላደከመ!

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በነጻ የተፈቀደልን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የተባለውን የጆርናል ማንበቢያ ለጤናው፣ የምግብና የእርሻ ድርጅቱ በ2003 አጎራ የተባለውን ለእርሻው ከፍተዋል፤ ዛሬ ሁለቱም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ሥር ናቸው። ኢትዮጵያም በነጻ ከሚያነቡት አገሮች ተርታ ናት። ይህን የነገረኝ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ያረጀ ጓደኛዬ ነው፤ ማስተርስ የሚማረው ልጅ አልሰማም!

ይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋሙ ነው። ልጁ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን አልጠራም፣ «አንድ ሰውዬ ዘንድ ነው» አሉት። ሰውዬው ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ ሲወጣ መብራት የለም፤ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ሰውዬው ለቅሶ ሄዷል። በስንት ደጅ ጥናት በብጫቂ ወረቀት ጻፈለት። ይኸው ወረቀቱን መስኮት ላይ አስደግፈን፣ እኔ በመነጽሬ፣ እሱ በስልኩ መብራት፣ ይህች ክብ ነገር ፊደል ናት ወይስ ዜሮ እያልን ስንከራከር አመሸን። ዜሮ ነበረች።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥቷል። ፖሊሲ ማውጣቱን እንችልበታለን።

እናንተ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች፣ በነጻ የተሰጠውን ለተማሪው ሁሉ ንገሩት፤ ቃሉንም ስትጽፉ በታይፕ ይሁን። እናንተ ተመራማሪዎች ደግሞ የድንቹን ጥናት በአማርኛ አሳጥራችሁ አንድ ቅጂ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ ክረምቱ ሳይገባ።