ስኒውን ተዉት!

«ሥራውን የሚሠራው ሽቦው ነው፤ ስኒው ጌጥ ነው» አለኝ አንድ ጎረምሳ ተልተሌ ገበያ ዳር፣ ወንጭፉን በመብራት ምሰሶው ጫፍ ሽቦውን ወደያዘው ስኒ እያነጣጠረ።
ጌጥ? ወንድሜ፣ ሽቦውን ከምሰሶው የለየልህ እሱ ነው! ተሰንጥቆ ዝናብ ከገባበት ኮረንቲው በእርጥቡ የባህር ዛፍ ምሰሶ ወርዶ ፍየልህ የታሰረችበት ድረስ ይመጣል።

«እንጨት ኮረንቲ አያሳልፍም ብለው አስተምረውናል።»
ደረቅ እንጨት ነው ያሉህ! የዝናቡ ውሃ የእንጨቱንም የአቧራውንም ጨው ያሟሟል፤ ኮረንቲውን የሚሸከመው ያ ጨው ነው።

«ያ ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመርስ? ማማው ብረት ነው፣ ስኒ ምን ያደርግለታል?»
ብረት ስለሆነማ ነው! ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ቦረናን አቋርጦ ኬንያ የሚገባው መስመር 500 ሺህ ቮልት ነው። ያን ሁሉ ከብረቱ የሚለየው የስኒዎቹ ሰንሰለት ብቻ ነው።

«ይሁን፤ ግን በሚያስተላልፍና በማያስተላልፍ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል ነው?»
መዳብ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ፤ ብርጭቆ ውስጥ ግን ተጠፍረው ነው ያሉት። ብርጭቆ ኮረንቲን የሚከለክለው ከመዳብ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን እጥፍ በላይ ነው። እንግሊዛዊው ስቴፈን ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1729 ገመድ በሐር ክር አንጠልጥሎ ኤሌክትሪክ አሻገረበት። ክሩ ሲበጠስበት በናስ ሽቦ ተካው፤ ኤሌክትሪኩም በሽቦው ሾልኮ ጠፋ። የተሸከመው ነገር ነበር ለካ ወሳኙ!

«እኔ የጎማ ጫማ አድርጌያለሁ፤ አይነካኝም።»
ኦቦ፣ እግርዎ ጎማ ላይ ነው፤ ግራ እጅዎስ? የቆርቆሮውን በር ይዟል። 220 ቮልት በቀኝ እጅ ገብቶ በግራው ሲወጣ መንገዱ በደረት ነው፤ ልብ ያለችው ደግሞ እዚያው ነው።

«ናስትሮ ስለተወደደ የተቀጠለውን ሽቦ በፌስታል ጠቀለልኩት።»
እትዬ፣ ፌስታል አያስተላልፍም፤ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ነገር ግን ሽቦው ሲግል ፌስታሉ ይቀልጣል፤ የቆላው ፀሐይም ሰነጣጥቆ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ የሚነካው ራቁቱን የቀረ ሽቦ ነው፤ የሚነካውም ልጅ ነው። አሁኑኑ ከቆጣሪው ያጥፉት፤ ናስትሮውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።