«እኔ ምንም አልልም»

የተባረረ ሰው በሰፈሩ ሲያልፍ «ደህና አደርክ?» የሚለው ይቀንስና «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» የሚለው ይበዛል። የሰፈራችን ልጅ ይህን ስለሚያውቅ መልሱን ይዞ ነው ከቤቱ የሚወጣው። እስኪባረር ድረስ የአንድ አስመጪ ድርጅት ስቶር ኪፐር ነበር።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ሥራማ አለ፤ እኔ ነኝ የሌለሁት።»

«ሰርቆ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ብሰርቅማ ሥራ እፈልግ ነበር?»

«ከአለቃህ ጋር ተጣላህ አሉ።»

«ኧረ እኔ አልተጣላሁም፤ ብቻውን ነው የተጣላው።»

አከራዩ እትዬም ሰምተዋል። «ልጄ፣ ሥራ ለቀቅክ አሉ?»

«አይ እትዬ፣ ሥራው ነው የለቀቀኝ።»

«ኪራዩስ?»

«እሱ አልለቀቀኝም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ በዓይኑ ያላየውን ዕቃ «ገብቷል» ብሎ እንዲፈርም ታዘዘ፤ አልፈርምም አለ። ድርጅቱ ደግሞ ስለ ፊርማ አታንሱብኝ፣ ትዕዛዝ አልቀበልም ብሎ ነው የተሰናበተው ይላል። ማን ልክ እንደሆነ ዳኛ ይወስን፤ ተረብ ፍርድ አይሰጥም። (ቢሰጥማ ቀጠሮ ባልበዛ።)

የስንብት ደብዳቤውን ሲያሳየኝ ግን ማዘን ሲገባኝ ሳቄ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ «አንተ! ና እስቲ!» ሲሉት የኖሩት ሰውዬ በመጨረሻዋ ቀን «እርስዎ» ብለውታል። «በተደጋጋሚ ቢመከሩም ሊታረሙ ባለመቻልዎ…» በእኛ ቢሮ አንቱታ የሚገኘው ወይ ሲሾሙ ነው ወይ ሲባረሩ። ወረድ ብሎ «እስካሁን ላበረከቱት አስተዋፅኦ እናመሰግናለን» ይላል። ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለጥበቃ። ለጥበቃ! ትናንት ተነስቶ በር የከፈተለት ዘበኛ ዛሬ «ማንን ፈልገህ ነው?» ይለዋል።

«እያመሰገኑ ነው እንዴ ያባረሩህ?» አልኩት።

«አዎ፤ ቢናደዱብኝማ ያስቀሩኝ ነበር።»

ደብዳቤው ከሁለት ዓመት በፊት ያረፈደባትን ቀን ሳይቀር ቆፍሮ አውጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ሲዘረዝር ማርፈድን እንኳ በቁጥር ነው ያሰረው፦ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ ያውም በጽሑፍ እየተነገረው። አሠሪው ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈው ደግሞ በዚያ ሰበብ ማሰናበት አይችልም። ልጁ አንቀጹን በስልኩ ከፍቶ ለሰው ሀብት ኃላፊዋ አነበበላቸውና፣ «እመቤቴ፣ ሕጉ የፈቀደላችሁ የሠላሳ ቀን ቂም ነው፤ የሁለት ዓመቱን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩት» አለ።

ከዚያ ክሊራንስ መጣ። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ ጥበቃ ይፈርማል፣ ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል።

«ቤተ መጻሕፍት አለን እንዴ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ማን ይፈርማል?»

«እሱ ነው ያዘገየው።»

ደግሞ አንድ ስቴፕለር ጎድሎበታል ተባለ። ልጁ የስንብት ደብዳቤውን አውጥቶ ከአባሪው ጋር የተያያዘበትን ጥግ አሳያቸው። «ይኼንንስ በምን ነው ያያያዛችሁት?»

«ክሊራንስ ሳትጨርስ የሥራ ልምድ አንሰጥም» የምትለዋን አረፍተ ነገር ያልሰማ የአዲስ አበባ ተቀጣሪ ያለ አይመስለኝም። አዋጁ በአንቀጽ 12 የሚለው ሌላ ነው። ውሉ ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። «ስቴፕለሩን ከመለሰ» የሚል ቅጥያ የለበትም። ገንዘቡ ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈላል፤ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ሳይመልስ ካቆየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ስቴፕለሩ በእርግጥ አንተ ጋ ካለ፣ ወንድሜ፣ መልስ።

ኃላፊዋ የሥራ ልምዱን እየጻፉ ቀና አሉ። «ስለ ጸባይህም አንድ ነገር ልጨምርበት?»

«እመቤቴ፣ ሕጉ የሚለው ሦስት ነገር ነው፤ አራተኛው ድርሰት ነው። መጨመርዎ ካልቀረ የሥራ ግብር መቆረጡን ይጨምሩልኝ። ጸባዬን የሚጠይቅ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም፤ ግብሬን የማይጠይቅም አላየሁም።»

እውነቱን ነው። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ «ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተረጋገጠ» የሚያስጥሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። ድሮ አራት ኪሎ ሰሌዳው ሥር ተኮልኩለን፣ ጋዜጣ ተከራይተን ነበር የምናነባቸው፤ አሁን ቴሌግራም ላይ ነው። አንገት ያው እንደጎበጠ ነው።

ሥራ ሲፈልግ ደግሞ መካሪው በዛ።

«ተወው፣ ለእግዚአብሔር ስጠው።»

«ሰጥቼዋለሁ። ግን ወደ ሥራ ለመመለስ በሦስት ወር ውስጥ ካልከሰስኩ በይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰኝ እሱ ብቻ ነው።»

ለሌሎች ክፍያዎች ስድስት ወር አለው፤ ወደ ሥራ መልሱኝ ለሚል ግን ሦስት ወር ብቻ። ሽማግሌ ሲላክ፣ ሽማግሌ ሲመለስ፣ «ትንሽ ይብረድለት» ሲባል ስንቱን አየን! ለአለቃው ሲበርድለት ለሠራተኛው ይርጋው ደረሰ።

«ብትረታስ ምን ልታገኝ?»

«ካልመለሱኝ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውም ይታሰባል። አንተ ሳትረታ ስንት አገኘህ?»

«አሠሪውን የከሰሰ ሰው ማን ይቀጥረዋል?»

«ያልከሰሰውንስ ማን ቀጠረው?»

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ፤ ወደ ስልኩ። ወረቀት ክፉ ቢሆን ታየዋለህ፣ ትከራከርበታለህ፣ ፎቶ ኮፒ ታደርገዋለህ። ስልኩን ግን አንተ በሌለህበት ነው የሚያነሱት። አዲሱ አሠሪ ወደ ቀድሞው ይደውላል። ሰውዬው ቢሳደቡ እኮ ደግ ነበር፤ በንዴት የሚናገርን ሰው ቃል ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል? የእኛ አለቃ ግን ጨዋ ነው፤ አይሳደብም። ይተነፍሳል።

«ስለ ልጁ ምን ይሉናል?»

«እህህ… እንግዲህ… እኔ ምንም አልልም።»

«ሥራው ላይ እንዴት ነበር?»

«የሰው እንጀራ አልዘጋም። ልጆችም ሊኖሩት ይችላል።»

«ልጆች አሉት?»

«የሉትም። ብቻ እናንተው ብታዩት ይሻላል።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ክስ ፈልጋችሁ አምጡ። የለችም። ልጁ ግን አለቀለት። ሰረቀ ቢሉት «አስረዱ» ይል ነበር፤ ሰነፍ ነው ቢሉት የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን ያወጣ ነበር። «ምንም አልልም»ን በምን ያስተባብላል? ሰሚው የፈለገውን ይሞላበታል፤ ሰሚ ደግሞ ሲሞላ አይሰስትም። አንዱ ሌብነት ይሞላበታል፣ ሌላው መጠጥ፣ ሦስተኛው የአለቃውን ሚስት።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044፣ በንግግሩ ወይም በጽሑፉ ሌላውን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳለቂያ የሚያደርግ፣ በዚህም ክብሩንና የወደፊት ዕድሉን የሚያበላሽ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። የወደፊት ዕድል! ልክ ለልጁ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ግን እስቲ ችሎቱን አስቡት።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሽ ተንፍሷል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ፤ ሁለተኛው ረዘም ይላል።»

«ምስክር አለህ?»

«ስልኩ ነበር፤ እሱም ተዘጋ።»

ትንፋሽን በክስ መርታት ከባድ ነው። ልጁ ይህ ስለገባው ሌላ ብልሃት ያዘ፤ ወደ አለቃው ከመደወላቸው በፊት ሌላ የሚደውሉለት ሰው ሰጣቸው። ሪፈረንስ የመጨረሻው አለቃ ብቻ ነው ያለው ማነው? ከዚያው ድርጅት በሰላም ለቀው የሄዱ ሌላ ኃላፊ አሉ። ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ሲያስረክበው የኖረ አቅራቢ አለ። በየዓመቱ ቆጠራ ላይ አብሮት አቧራ የቃመ ሒሳብ ሠራተኛም አለ። በዚያ ላይ የቆጠራ ሪፖርቶቹን ኮፒ በእጁ ይዟል፤ ጉድለት የሌለባቸው፣ አለቃው ራሳቸው የፈረሙባቸው። ከሁሉም የወደድኩለት ይህን ነው፤ የሰውዬውን ትንፋሽ በሰውዬው ፊርማ መለሰው።

ቃለ መጠይቁ ደረሰ። እዚህ ላይ ምላስ ሰብሰብ ትበል፤ ሰፈር ያሳቀ ተረብ ሁሉ ሥራ አያስገኝም። ብዙው ሰው «ለምን ለቀቁ?» ሲባል «በገዛ ፈቃዴ» ይላል። አንዲት ስልክ የምትገድላት ውሸት ናት፤ ስልኳ ዘግይታ ከተቀጠርክ በኋላ ብትደወል ደግሞ ይባስ፣ ሁለተኛው ስንብት ምክንያት አያጣም። ሌላው ሰው የቀድሞ አለቃውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያርደዋል። ፊቱ የተቀመጡትም አለቆች መሆናቸውን ይረሳል፤ አለቃ ሲታማ አለቃን ያመዋል።

ልጁ ሁለት አረፍተ ነገር ብቻ ነበር ያዘጋጀው። «አሠሪዬ ውሉን አቋርጧል፤ በምክንያቱ ስላልተስማማሁ ጉዳዩ በፍርድ ቤት እየታየ ነው። ዕቃ አያያዜን ለማየት ግን የአራት ዓመት የቆጠራ ሪፖርት ይኸው።» ከዚያ ዝም አለ። አረፍተ ነገሮቹን ያጠናው በአንድ ማታ ነው፤ ዝምታውን ለመልመድ ሳምንት ፈጀበት።

አንደኛው ጠያቂ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አሠሪ የከሰሰ ሰው ነገ እኛንስ አይከስም?»

«ያላየሁትን ፈርም ካላላችሁኝ አልከስም።»

«ወደ ቀድሞ አለቃህ ደውለን ነበር፤ ምንም አልልም አሉን።»

«አራት ዓመት አብረውኝ ሠርተው የሚሉት ካጡ፣ ጥፋትም አጥተዋል ማለት ነዋ።»

ጠያቂዎቹ ሳቁ። የሳቀ ፓነል ግማሽ ቀጥሯል፤ ግማሹ የሚቀረው ለዋስ ነው። ስቶር የሚያስረክቡትን ሰው ያለ ዋስ የሚቀጥር ድርጅት በእኔ ዕድሜ አላጋጠመኝም፤ ዋሱ ደግሞ ከሚሠራበት ቦታ የደመወዙን ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ልጁ ወደ አጎቱ ሄደ።

«ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ።»

«ተባረህ ሳለ ደግሞ ዋስ ትጠይቃለህ?»

«የልጅዎ ዋስ ማን ሆነና ጋሼ? እኔ ከተባረርኩ ወዲህ እሱም ሌላ ዋስ አምጣ ተብሏል።»

አጎት በማግስቱ ደብዳቤውን ይዘው መጡ፤ ለሁለቱም።

ልጁ ተቀጠረ። ደመወዙ ከበፊቱ ትንሽ ያንሳል፤ ስቶሩ ግን የሚያየው ዕቃ ብቻ ነው የሚገባበት። ክሱም በቀጠሮው ይሄዳል። አዲሱን ሥራ ከለመደ በኋላ አንድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። የቀድሞ አለቃው ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው፣ ያለ ጸሐፊ።

«እንደምን ነህ ልጄ? ያ የሦስተኛው መደርደሪያ ቁልፍ የት ነበር የምታስቀምጠው?»

«ጌታዬ፣ ክሊራንሴ ላይ "ምንም የሚፈለግበት ነገር የለም" ብለው ፈርመዋል፤ ማኅተምም አለበት።»

«እሱስ ይሁን፤ ኦዲተሮች መጥተውብን ነው። ያ ዕቃ በእርግጥ ገብቷል ወይስ አልገባም እያሉ ነው። ሊደውሉልህም ይችላሉ። ምን ትላቸዋለህ?»

«እህህ… እንግዲህ… እኔ ምንም አልልም።»