ስድስት ጉርድ

የፎቶ ሥራ የጀመርኩት በጉርድ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የደሴ መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው በጎን የማያሳልፍ ፎቶ ቤት ውስጥ። መጋረጃው ላይ ፏፏቴ ተስሏል፤ ፏፏቴው ፊት የተቀመጠው ደንበኛ ግን በላብ ይታጠባል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ጉም ቁልቁል ወርዶ ይፋት ቆላ የገባ ሰው ምን ያድርግ?

ማሾ ሸጦ የመጣውም፣ ሽንኩርት አስጭኖ የመጣውም ካሜራ ፊት ሲቀመጥ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ይደርቃል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የቤተ መንግሥቱን ሥራ ወርሰዋል። እኔ ንጉሥ አንስቼ አላውቅም። ኩስትርናው ግን አልጎደለብኝም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ነጠላ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይወዳል፤ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል። አንዲት እናት ፎቷቸውን አይተው፣ «ልጄ፣ ምን በደልኩህ? ነጠላዬን አሳደፍከው፣ እኔን አከሰልከኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የምለካው ከፊት ላይ ነው።

ጥር ሲገባ ሠርግ ጠሩኝ። የሙዚቃ ፎቶ ሲባል እኔ የማውቀው በ1961 ዓ.ም. ከተጀመረው ከአምሃ ሪከርድስ ዘመን የሸክላ ልባስ ላይ፣ ኮቱን ቆልፎ ጸጥ ያለውን ዘፋኝ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጸጥ ያለ የለም። ሞንታርቦው ጆሮዬን ደፈነው፤ አዝማሪው ደግሞ ገና ሲያየኝ ቦርጬን ከሌንሴ ጋር አስተያይቶ ግጥም አወጣልኝ። እየሳቅሁ ሸለምኩት፤ ባልሸልመው ይቀጥል ነበር።

ፍላሽ ሳበራ ላብ ያረፈበት ግንባር ሁሉ መስተዋት ሆነ። አጠፋሁት። በ1/30 ሰከንድ ሳነሳ እስክስታ የሚመታው ትከሻ ጭስ ሆኖ ወጣ። ወደ 1/250 ከፍ አድርጌ አይኤስኦውን 6400 ላይ ስሰቅለው ትከሻው ቆመልኝ፤ ፎቶው ላይ ግን ጤፍ የተበተነ መሰለ። ብዙ ሠርግ ካበላሸሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ትከሻ እንኳ ምቱ ሲያልቅ ለአፍታ ያርፋል፤ ዘፋኝም ትንፋሽ ሊስብ ቀና ይላል። የእኔ እንጀራ እዚያች ላይ ናት። የቀረው ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ወጥ ቢቀርብም።

በዚህ ዓይነት ካገኘኋቸው አንዱ፣ ከሳምንት በፊት ለመታወቂያ ሲነሱ ትንፋሻቸውን ውጠው የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ ያዝኳቸው። ፎቶውን ሳሳያቸው ብዙ ቆዩ።

«እኔ ማለት ይቺ ናት። ስድስት ጉርድ አውጣልኝ።»

«አባባ፣ ለመታወቂያ አይሆንም እኮ፤ ዓይንዎ ተጨፍኗል።»

«መታወቂያውን የሚያየው ዘበኛ ነው፤ እኔን ምን አስገለጠኝ?»

ስድስቱንም አጠብኩላቸው።